አለቃ ሲያንኮራፋ

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ልጄ ውሻዋን ጥላብን ሄደች። "ጥላብን" የምለው እኔ ነኝ፤ እሷ ያለችው "እስከ ግንቦት አደራ" ነው። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ልኳታል፣ የምታርፍበት ቤት ደግሞ ውሻ አያስገባም። ውሻው ቡልዶግ ነው። ያ ትንሹ፣ ጆሮው የሌሊት ወፍ የሚመስለው፣ ዛሬ ዛሬ ሰው ሁሉ በየመንገዱ የሚጎትተው ዓይነት። ፊቱ በሩጫ መጥቶ ከግድግዳ ጋር የተላተመ ይመስላል። ስሙ አለቃ ነው። ስሙን ያወጣችለት ልጄ ናት፤ ሲቀመጥ ሆዱን አስቀድሞ ነው፣ ሲያይህም "ነገ ቢሮዬ ና" የሚልህ ይመስላል።

እኔ ውሻ አልወድም። ይህንንም ለልጄ በግልጽ ነገርኳት። ባለቤቴ ሁለታችንንም አዳምጣ ዝም አለች። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ዝም ካለች እያሰላች ነው።

ማታ። ውሻው ያንኮራፋል። ማንኮራፋት ስል እንደ ሰው አይደለም፤ ዳገት ላይ ማርሽ ያልገባለት የጭነት መኪና ነው። አልጋዬ ሥር ካልሆነ አልተኛም ብሏል። ባለቤቴ እንኳን ከዚህ ተርፋለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምትተኛው ልጃችን ክፍል ነው፤ የፈተና ወረቀት ስታርም መብራቱ እንዳይረብሸኝ ብላ። አሳቢ ሴት ናት።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ጠዋት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በር አንኳኳ። ጡረታ የወጣ ዜና አንባቢ ነው፤ ጨው ሊበደር ሲመጣ እንኳ ከአርዕስተ ዜና ይጀምራል። በጣሪያው በኩል ከባድ ድምፅ እንደሚሰማና እንቅልፍ ካጣ እንደሰነበተ ዘገበልኝ። እኔም ወደ ውሻው አመለከትኩ። አጎንብሶ አየው። መቼ እንደመጣ ጠየቀኝ፣ ሰኞ አልኩት። ግንባሩን ቋጥሮ ቆየና፣ ድምፁን የሚሰማው ግን ካምና ጀምሮ እንደሆነ ነገረኝ።

ዕድሜው ገፍቷል። ቀን ይምታታበታል።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ውሻው ጆሮውን ሲያክክ ሰነበተ፤ ከፊቱ እጥፋትም የማያስደስት ሽታ ይመጣል። ክሊኒክ ወሰድነው። የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን ቀጥ ያለች። ይህ ዘር በመልኩ እየተወደደ፣ በዚያው መልኩ እንደሚሰቃይ አስረዳችን። ጆሮው ቆስሏል። የፊቱ እጥፋት ውስጥ እርጥበት ገብቶ ቆዳውን አቁስሎታል። የአፍንጫው ቀዳዳ ሊዘጋ ምንም አልቀረው፤ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ለስላሳ ላንቃ ደግሞ ረዝሞ የአየሩን መንገድ ይከልላል። በዚያ ላይ ወፍሯል። ሙቀት ከመታው መተንፈስ ሊያቅተው ስለሚችል ከፀሐይ ጠብቁት አለች። ያንን የአንገት ማሰሪያም አስወልቃ በደረቱ የሚታሰር አዘዘችለት።

ባለቤቴ ብዙ ጥያቄ ጠየቀች። ለውሻው እንዲህ ማሰቧ አስገረመኝ።

"ሲተኛ ትንፋሹ ቆም ይልና፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብድግ ካለስ?" አለች።

ሐኪሟ ውሻው እንደዚያ ሲያደርግ አይታ እንደሆነ ጠየቀቻት።

"ውሻውን እንኳ አላየሁትም" አለችና ወደ እኔ ዞረች። እንዳረጋግጥላት ፈልጋ መሆን አለበት። "አዎ፣ ያደርገዋል" አልኩ።

ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ አዩኝ።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ሆኗል። ጠዋት የፊቱን እጥፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በደረቅ። ጆሮው ውስጥ ጠብታ። ዐይኑ ውስጥ ጠብታ። ጠብታው ሲገባ ልክ ፈተና እንደወደቀ ሠልጣኝ ነው የሚያየኝ። ምግቡ ተቀንሷል፤ ዶሮም ያሳክከዋል ተብሎ ተከልክሏል። ከገበታ ላይ ምንም እንዳይሰጠው።

ባለቤቴ የእኔንም ሳህን አሳንሳዋለች። የተራበ ውሻ ፊት ብዙ መብላት ነውር ነው አለች። እውነትም ነው።

ደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመን እናርፋለን። እሱ ስለሚደክመው ነው።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ባለቤቴ ትምህርት ቤት ስትውል ውሻው ብቻውን ያላዝናል፤ ስለዚህ ሥራ ይዤው መሄድ ጀምሬአለሁ። እኔ መኪና አሠልጣኝ ነኝ። አለቃ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛ አየር ተከፍቶለት፣ እንደ ባለሥልጣን።

ዛሬ ከወይዘሮዋ ጋር ነበርን። ወይዘሮዋ ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ያሳለፈች፣ ጡረታ ወጥታ መንጃ ፈቃድ ካላወጣሁ ያለች ሠልጣኝ ናት። የመንገድ ፈተና ደጋግማ ወድቃለች። መሪውን የምትይዘው ሊያመልጣት እንደሆነ ሌባ ነው። ዛሬ ግን ሌላ ሰው ሆና ዋለች፤ ለምን እንደሆነ መጻፍ አለብኝ።

ዐይኔን ለቅጽበት ጨፈንኩ። ስገልጠው ከከተማ ወጥተናል። ግራና ቀኝ የእርሻ መሬት ነው፤ አንድ ላም ታየናለች።

"የት ነን?" አልኩ።

"ቀጥ በይ አሉኝ፣ ቀጥ አልኩ" አለች። "ዙሪ አላሉኝም።"

ከዚያ እንባ ቀረሽ ሆና አመሰገነችኝ። እስከዛሬ ያሠለጠኗት ሁሉ አጠገቧ ሲቀመጡ ፍሬኑን እየረገጡ፣ የበሩን እጀታ ጨብጠው ነበር። እኔ ግን አምኛት ዐይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ የታመነችበት ጊዜ ትዝ አይላትም። ምን ልበላት? ይህ አዲስ የማሠልጠኛ ዘዴ ነው አልኳት።

ውሻው ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ስላደረ ነው። ከእሱ ጋር ማን ይተኛል?

መጋቢት 26፣ ኀሙስ

ቢሮ በር ላይ ስደርስ ጸሐፊዋና ሌላው አሠልጣኝ ሲያወሩ ሰማሁ። "ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቆሞም ያንኮራፋል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቀራል" ትላለች። ስገባ ወሬው ቆመ።

ስለ አሮጌው ነጭ መኪና ነው። እኔም ሳይብስበት ይመርመር አልኳቸው። በጣም ተስማሙ።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

ክሊኒክ። ወንበር ላይ።

ፀሐይ ነው። መኪናው ውስጥ ነበርን። የአለቃ ምላስ ሰማያዊ ሆነ።

አስገብተውታል። ኦክስጅን። አትግባ ብለውኛል።

ወይዘሮዋ አጠገቤ ናት። ጫማዋ አንዱ የለም።

ለቢሮ መልእክት ላክሁ።

ማታ

ሕይወቱ ተርፏል። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው።

ወይዘሮዋን ገበያው ዳር እየጠበቅኋት ነበር። መኪናውን ጥላ ሥር አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ፣ ለአንዲት ደቂቃ ብዬ። መስኮቶቹ ዝግ ነበሩ። ጥላው ቦታውን ለቀቀ። መጀመሪያ ለሐኪሟ የነገርኳት ይህንን ነው፤ ጥላው ለቀቀ። ጥላ ምን ያድርግ? ተኝቼ ነበር። እንደ ድንጋይ ተኝቼ ነበር። የቀሰቀሰችኝ ወይዘሮዋ ናት፤ መስኮቱን በጫማዋ ስትደበድብ ነው የነቃሁት። አለቃ ከኋላ ወለሉ ላይ ወድቆ፣ ዐይኑ ተገልጦ፣ የማያየው ነገር ላይ አፍጥጦ ነበር። ያ የሚያስቀኝ የጭነት መኪና ድምፅ እንኳ ከእሱ ጠፍቷል።

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው "አትደንግጥ" እያልኩ ያሠለጠንኩ ሰው ነኝ። ቁልፉን የት እንደሚያስገቡት ጠፋኝ። እሷ ናት ከኋላ ያስገባችኝ፤ ሸሚዜን አስወልቃ በውኃ ነክራ ሆዱና ብብቱ ላይ ያደረገችው። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ መሪውን ያዘች። እንዴት እንደነዳች ልናገር? ፍሬን በልኩ፣ መታጠፊያው ላይ ምልክት ሳትረሳ፣ አውቶቡሱን ቀድማ፣ መስታወት እያየች። እኔ ውሻውን ታቅፌ ስሙን እየጠራሁ ነበር። "አለቃ፣ አለቃ፣ እባክህ አለቃ" ስል የትራፊክ መብራት ላይ የቆመ ታክሲ ነጂ አዘነልኝ።

ሐኪሟ መኪናው ውስጥ ምን ያህል እንደቆየ ጠየቀችኝ። "ትንሽ" አልኳት። ወይዘሮዋ መሬት መሬት አየች። ከዚያ በራሴ ጊዜ "አላውቅም፣ ተኝቼ ነበር" አልኩ።

የመልእክቱ ነገር ደግሞ አለ። ለጸሐፊዋ የላክሁት እንዲህ ይላል፦ "አለቃ ራሱን ስቷል። ክሊኒክ ነን። ትንፋሹ አያስተማምንም።" መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አለቃ ማለት ሥራ አስኪያጁ ነው። ጸሐፊዋ ለሚስቱ ደወለች። ሚስቱ ለወንድሞቿ ደወለች። ሰውየው ባንክ ሄዶ ስልኩን አጥፍቶ ነበርና ለምሳ ቤቱ ሲገባ ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ ያለቅሳል። በእግሩ ሲመጣ ሲያዩት ልቅሶው ባሰ፤ አንዷ አክስቱም ራሷን ሳተች።

ወዲያው ደወለልኝ። የታመመው ውሻ መሆኑን ነገርኩት። ለምን በእሱ ስም እንደሚጠራ ጠየቀ፤ ስሙን ያወጣችው ልጄ ናት አልኩ። ከዚያ "ዳነ?" አለኝ። "ዳነ" አልኩት። "እሺ" ብሎ ዘጋው።

ለልጄ ምን እላለሁ? አደራ ነው ያለችው። አደራ።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ለልጄ ነገርኳት። ስታለቅስ ሰማኋት፤ ከዚያ እኔን ማጽናናት ጀመረች፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ይከፋል።

ሐኪሟ ቀዶ ሕክምና ይሻላል ብላለች። የአፍንጫው ቀዳዳ ይሰፋል፣ የረዘመው ላንቃ ያጥራል። ማደንዘዣው ለዚህ ዓይነት ውሻ እንደማያስተማምን አልደበቀችንም። ካልተደረገለት ግን ሌላ ሙቀት ላይችል ይችላል። ልጄ በስልክ እሺ አለች። ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ለምን እንደያዘችኝ አላውቅም፤ እኔ ደህና ነኝ።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

አስገቡት። ወጣ። በሰላም ነው። ለክትትል እዚያው ያድራል።

ሲነቃ አየኝ። ጭራ ስለሌለው የሚወዛወዝ ነገር የለውም፤ መቀመጫውን ነው የሚያወዛውዘው። በትንሹ አወዛወዘው።

ዐይኔ ውስጥ የገባው የክሊኒኩ መድኃኒት ነው፤ ይቆጠቁጣል።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

ጠዋት ጎረቤታችን መጣ። ትናንት ማታ ድምፁ ከወትሮው ሁሉ የባሰ እንደነበር ነግሮን ለውሻው አንድ ነገር እንድናደርግለት ለመነ።

"ውሻው እኮ ትናንት እዚህ አላደረም" አለች ባለቤቴ።

ሦስታችንም በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ሰውየው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ሆዴን አየ። በዚያ የዜና ድምፁ፣ በጣም ዝግ ብሎ፣ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለና ደረጃውን ወረደ።

ምናልባት ከላይኛው ፎቅ ይሆናል አልኩ። የላይኛው ፎቅ ባዶ ነው አለችኝ። የውኃ ቧንቧ አልኩ። ቁጭ በል አለችኝ።

ይህን ያለችውን እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

"እኔ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ሆኜ እሰማሃለሁ። ድምፁ አይደለም እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ ድምፁ ሲቆም ነው። ትንፋሽህ ሲቋረጥ እቆጥራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥር አስተምሬ፣ ቁጥር ፈርቼ አላውቅም ነበር።"

እኔም ለምን ቀደም ብላ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። ነግራኛለች። ዓመት ሙሉ ነግራኛለች። እኔ የመለስኩላት "ደክሞኝ ነው" እያልኩ ነው። ወደ ክሊኒኩ ያስከተለችኝም ውሻውን ብላ አልነበረም፤ የሐኪሟን ጆሮ ፈልጋ ነው።

ስለ ፈተናው ወረቀት አልጠየቅኋትም።

ሚያዝያ 24፣ ኀሙስ

ሰሞኑን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የሰው ሐኪም።

አንገቴን በሜትር ለካው። አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየ። ላንቃዬ ዝቅ ያለ ነው፣ የአየሩን መንገድ ይከልላል አለ። ወፍረሃል አለ። ደረጃ ስትወጣ ያደክምሃል ወይ አለ። ሁለቱ ሐኪሞች ሳይተዋወቁ አይቀሩም።

ሌሊቱን ሽቦ በሽቦ አድርገው አስተኝተውኝ፣ ትንፋሼ እንደሚቆም ወረቀቱ ላይ አሳዩኝ። መስመሩ ይሄድ ይሄድና ሜዳ ይሆናል። ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና አላነበበችውም፤ አጥፋ መለሰችው።

መሪ አጠገብ እንዳልቀመጥ ተከለከልኩ፣ ሕክምናው እስኪይዝ። ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ሥራዬ ያበቃ መስሎኝ ነበር። "እኔን አንድ ጊዜ ገድለኸኛል፤ ሌላ ሰው እንዳትጨምር" ብሎ ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት እንዳስተምር መደበኝ።

ወይዘሮዋ ፈተናዋን አለፈች። ፈታኙ ዐይኑን ባይጨፍንላትም።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ጭምብል ሰጥተውኛል። ከአንድ ትንሽ ማሽን ጋር በቱቦ ይያያዛል፤ ስተኛ አየር ይነፋልኛል። መስታወት ፊት አደረግሁት፤ ዝሆን የዋጠ ፓይለት እመስላለሁ። አለቃ መጀመሪያ አጉረመረመበት። ከዚያ ቀርቦ ቱቦውን አሸተተ፣ ፊቴን አሸተተ፣ እኔ መሆኔን አረጋገጠና ተኛ።

አፍንጫው ድኗል። ሲተነፍስ ብዙም አይሰማም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳናርፍ መውጣት ጀምረናል። እሱ ስለበረታ ነው። እኔም ትንሽ።

ባለቤቴ ትራሷን ይዛ መጣች። የፈተናው እርማት አለቀ አለች። ዓመት የፈጀ ፈተና ነው፤ ተማሪዎቹ ምን ያህል ቢጽፉ ነው?

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ

ልጄ መጥታ ወሰደችው። ጠብታውን፣ ጨርቆቹን፣ የደረት ማሰሪያውን አንድ በአንድ አስረከብኳት። የግራው ጆሮ ከቀኙ ይልቅ እንደሚያስቸግር፣ በቀትር እንዳታወጣው፣ ሲታከክ ምን እንደበላ እንድታስብ ነገርኳት። "አባዬ፣ ውሻው እኮ የእኔ ነው" አለችኝ።

አውቃለሁ። ማን የእኔ ነው አለ?

ቤቱ ሰፍቷል። ሶፋው ላይ እንደልቤ ተቀመጥኩ። ተነሣሁ።

ግንቦት 22፣ ኀሙስ

ልጄ ደወለች። አለቃ ከሄደ ወዲህ ሌሊት አይተኛም። በሩ ሥር ቁጭ ብሎ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። እዚያ ያለው ሐኪም ምንም ሕመም የለበትም ብሏል። "እናንተ ዘንድ ምን እየሰማ ነበር የሚተኛው?" አለችኝ።

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደች፣ የራሷን ስልክም አወጣች፣ ከፈተችው። ኧረ ጉድ። የጭነት መኪና ነው፤ ዳገት ላይ፣ ማርሽ አልገባለት ብሎ። ዓመት ሙሉ በግድግዳው በኩል ስትቀዳኝ ኖራለች። አንድ ቀን እንዳልክድ ብላ ነው።

ለልጄ ላከችላት። ማታ ልጄ ደግማ ደወለች፤ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ምንጣፉ ላይ ከፈተችለት፣ ስልኩን ዞሮ አሸተተው፣ አገጩን ጫነበትና ተኛ።

"ሲሰማው ነው የተኛው" አለች። "አባዬ፣ እየሰማኸኝ ነው?"

እየሰማኋት ነበር።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

ልጄ ዘንድ ልንሄድ ነው፣ የሦስት ሰዓት መንገድ። ለውሻው ብዬ አይደለም፤ ልጄ ናፍቃኛለች፣ ቤቷንም ካየሁት ቆይቻለሁ። ሐኪሙ መንዳቱን ገና ስላልፈቀደልኝ የምትነዳው ባለቤቴ ናት።

ሻንጣዬን ከፍታ አየችው። "ለልጅህ የጆሮ ጠብታ ምን ያደርግላታል?" አለችኝ።

ወርጄ መኪናው ውስጥ ገባሁና ቀበቶዬን አሠርኩ።